ከሒሳብ መዝገብ ወደ ፊዚክስ፦ በ31 ዓመት፣ ድሬዳዋ ላይ ሆኖ

የጠያቂዋ ሐሳብ ባጭሩ ይህ ነው፦ «ዕድሜዬ 31 ነው፤ የምኖረው ድሬዳዋ፣ ገንደቆሬ። 12ኛ ክፍልን በተፈጥሮ ሳይንስ ጨርሼ ነበር፤ ውጤቴ የፈለግኩት ቦታ ስላላስገባኝ በግል ኮሌጅ አካውንቲንግ ተማርኩ። 8 ዓመት በአንድ ትራንዚት ድርጅት ሒሳብ ክፍል ሠርቻለሁ፤ አንድ ልጅ አለኝ። ፊዚክስ ግን ከልቤ አልወጣም። በቀጥታ ማስተርስ መግባት እችላለሁ? ሥራዬን ልልቀቅ? ዕድሜዬስ አላለፈም? ብጨርስስ ምን እሠራለሁ?»

በድሬ ልማድ «አንቺ» እያልኩ ልመልስ፤ «እርስዎ» ካልኩሽ የተጣላን ይመስላል።

በቀጥታ ማስተርስ አይሆንም። የአገራችን ዩኒቨርሲቲዎች ለፊዚክስ ሁለተኛ ዲግሪ የሚቀበሉት በፊዚክስ ወይም በጣም በሚቀራረብ ዘርፍ የመጀመሪያ ዲግሪ ያለውን ሰው ነው። የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተናውን፣ ጋትን፣ በጥሩ ውጤት ብታልፊ እንኳ ትራንስክሪፕትሽ ላይ የሌለውን ኮርስ አይተካልሽም። ደንቡ ባይከለክል ኖሮም አልመክርሽም ነበር። የማስተርሱ መጀመሪያ ክላሲካል ሜካኒክስን፣ ኤሌክትሮዳይናሚክስን፣ ኳንተም ሜካኒክስንና ሒሳባዊ ዘዴዎችን አከታትሎ ይጭናል፤ ሁሉንም ደግሞ «አንድ ዙር አይታችኋል» ብሎ ነው የሚጀምረው። ስለዚህ መንገድሽ እንደገና የመጀመሪያ ዲግሪ ነው። ይህን ከአሁኑ መቀበል ብዙ ደጅ ጥናት ይቀንስልሻል።

ሥራሽን አትልቀቂ። ቢያንስ ለመጀመሪያዎቹ 14 ወራት የሚያስፈልግሽ ነገር ግቢ ውስጥ የለም፤ ቤትሽ ጠረጴዛ ላይ ነው ያለው። ግን ከዚያም በፊት አንድ ቅዳሜ ስጪኝ።

ጫማ ሰፊዎች የሚጠቀሙበትን ናይለን ክር ሁለት ሜትር ያህል፣ ከህንጻ መሣሪያ ሱቅ 100 ግራም ገደማ የሚመዝን ትልቅ ዳዶ፣ የብረት ሜትር፣ የስልክሽን ሰዓት መቁጠሪያ አዘጋጂ። ዳዶውን በክሩ አንጠልጥለሽ ፔንዱለም ሥሪ። ክሩን ምስማር ላይ ጠምጥመሽ አትተዪው፤ ሲወዛወዝ በምስማሩ ዙሪያ እየተጠቀለለ ርዝመቱን ይቀያይራል። በሁለት ጣውላ መሃል አጥብቀሽ ያዢው፤ የሚታጠፍበት ነጥብ አንድ ብቻ ይሁን። ርዝመቱን የምትለኪው ከተንጠለጠለ በኋላ ነው፤ ናይለን ይለጠጣል። ከመታጠፊያው ነጥብ እስከ ዳዶው መሃል ልክ 1 ሜትር ይሁን። የጣሪያውን ፋን አጥፊ (በድሬ ሙቀት መሥዋዕትነት ነው፣ አውቃለሁ)። ዳዶውን 5 ሳንቲ ሜትር ብቻ ጎትተሽ ሳትገፊው ልቀቂው። ሰዓቱን ማስነሳት ያለብሽ ዳዶው ጫፍ ላይ ሲደርስ ሳይሆን መሃል ላይ ሲያልፍ ነው፤ መሃል ላይ ስለሚፈጥን የሚያልፍበት ቅጽበት ጥርት ብሎ ይታያል፣ ጫፍ ላይ ግን ይዘገያል። ስታስነሺ «ዜሮ» ብለሽ ጀምሪ፤ ሄዶ ሲመለስና በዚያው አቅጣጫ ሲያልፍ «አንድ»። 100 ዙር ቁጠሪ።

201 ሰከንድ ገደማ ታገኛለሽ። 39.48ን (4 ጊዜ ፓይ ስኩዌር ነው) በርዝመቱ አባዢና በአንዱ ዙር ጊዜ ስኩዌር አካፍዪ። 100ው ዙር 200.9 ሰከንድ ከሆነ 9.78 ይወጣል። የመማሪያ መጽሐፉ ግን 9.81 ይላል። ተሳስተሻል? አልተሳሳትሽም። 9.81 ከባሕር ጠለል ብዙም ላልራቀው ለአውሮፓ ኬክሮስ የሚስማማ ቁጥር ነው። ድሬዳዋ ለምድር ወገብ ቅርብ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ምድር ወገቧ ላይ በመወፈሯና በመሽከርከሯ እዚህ ስበቱ ትንሽ ይላላል። በአንዲት ተራ ዳዶ የምድርን ቅርጽ እየለካሽ ነው ማለት ይቻላል።

ዋናው ፈተና ግን ቀጥሎ ነው፦ ያገኘሽውን 9.78 ምን ያህል ታምኚዋለሽ? ርዝመቱን በ1 ሚሊ ሜትር ብትስቺ መልሱ በ0.01 ይዛባል። ጣትሽ ሰዓቱን ሲጫን 0.2 ሰከንድ ቢያዛንፍ በ0.02 ይዛባል። ስለዚህ 9.78ን ከ9.81 ለመለየት በቋፍ ላይ ነሽ፤ አምስት ጊዜ ደግመሽ አማካይ ብትወስጂ የጣትሽ ስህተት ከግማሽ በታች ይወርዳል። 9.98 ካገኘሽ ሲጀመር «ዜሮ» በማለት ፋንታ «አንድ» ብለሻል፤ የቆጠርሽው 99 ዙር ነው። 9.70 ካገኘሽ አጎታተትሽ በዝቷል፤ 26 ሳንቲ ሜትር ያህል ከጎተትሽው ቀመሩ ራሱ መስማማቱን ያቆማል።

እንግዲህ ራስሽን ታዘቢ። ቁጥሩ ሲዛነፍ እንቅልፍ ከነሳሽ፣ እሑድ ጠዋት ቡና ሳይፈላ ክሩን እንደገና ከሰቀልሽ፣ ይህ ሥራ ያንቺ ነው። «ያው ተቀራራቢ ነው» ብለሽ ወደ ጥቁር ቀዳዳ ቪዲዮ ከተመለስሽ ደግሞ የምትወጂው የፊዚክስን ወሬ ነው። እሱም ነውር የለበትም፣ ግን ዲግሪ አያስፈልገውም። ዘርፍ ቀይረው ከሚመጡ ሰዎች ብዙዎቹን የሚጥላቸው የአንጎል ማነስ አይደለም፤ ሁለቱን ሳይለዩ መጀመር ነው።

አሁን ወደ 14ቱ ወራት። ሒሳብ ሠራተኛ ነሽ ማለት ሒሳብ ትችያለሽ ማለት እንዳልሆነ አንቺም ታውቂዋለሽ፤ አራቱን መደብ በኤክሴል ስትሠሪ ነው የኖርሽው። ፊዚክስ የሚፈልገው ካልኩለስ ከ12ኛ ክፍል ወዲህ አልተነካም። በሳምንት 9 ሰዓት ብትመድቢ 60 ሳምንት ወደ 540 ሰዓት ይሰጥሻል፤ ይበቃል።

የመጀመሪያዎቹን 8 ሳምንታት ለአልጀብራ፣ ለትሪጎኖሜትሪና ለሎጋሪዝም ስጪ፤ የ11ኛና የ12ኛ ክፍል የሒሳብ መጻሕፍት ይበቃሉ። ይህን የሚዘል ሰው ብዙ ነው፣ «አውቀዋለሁ» እያለ። በኋላ ኢንቴግራል የሚያቅተው ኢንቴግራሉ ከብዶት ሳይሆን ክፍልፋይ ማቃለል ረስቶ ነው። ቀጥሎ 22 ሳምንት ካልኩለስ፦ ለዲፈረንሺየሽን 9፣ ለኢንቴግሬሽን 13። ኢንቴግሬሽን ጊዜ ይበላል፤ ደንብ ተከትለሽ የምትጨርሺው ሳይሆን ብዙ በመሥራት ዓይንሽ የሚለምደው ነው። ከዚያ 18 ሳምንት ሜካኒክስ በካልኩለስ፤ የቀሩትን 12 ለቬክተር፣ ለቀላል ዲፈረንሺያል ኢኩዌሽኖችና ለኤሌክትሪክና ማግኔቲዝም መግቢያ። ትምህርቱ በነጻ አለ፤ የአሜሪካው ዩኒቨርሲቲ ኤም አይ ቲ በነጻ የትምህርት ድረ ገጹ በኦፕንኮርስዌር የለቀቃቸው 18.01 (ካልኩለስ) እና 8.01 (ሜካኒክስ) ከነመልመጃቸውና ከነፈተናቸው ይገኛሉ። ኔትዎርክ ደህና በሆነበት ሌሊት አውርደሽ አስቀምጪ፤ መብራት ሲጠፋ ሰበብ እንዳይሆን መልመጃዎቹን አሳትሚ።

ከጊዜው ሦስት አራተኛው መልመጃ ላይ መዋል አለበት። ቪዲዮ ማየት ጥናት አይደለም፤ የሰው እጅ ሲጽፍ ሁሉም ቀላል ይመስላል። ያልተፈታ ጥያቄ ላይ መልሱን ከማየትሽ በፊት ቢያንስ 40 ደቂቃ ተቀመጪ። ሰዓቱ ደግሞ ከንጋቱ 11 እስከ 12 ተኩል ቢሆን ይመረጣል፤ ልጁም ሙቀቱም ሳይነሱ። ከምሳ በኋላ ያለውን የበርጫ ሰዓት ለጥናት አትመኚው፤ በምርቃና የተፈታ ጥያቄ ማታ ወረቀቱ ላይ ሲፈለግ አይገኝም።

አካውንታንትነትሽ የሚጠቅምሽ ሌላ ቦታ ነው። ትሪያል ባላንስ ሲዛነፍ ልዩነቱ ለ9 ከተካፈለ ሁለት አኃዝ ተገለባብጦ ተጽፏል ብለሽ የምትጠረጥሪው ዓይነት ብልሃት ፊዚክስ ውስጥ የአሃድ ፍተሻ ይባላል። ፍጥነት ፈልገሽ በግራ ሜትር በሰከንድ፣ በቀኝ ሜትር በሰከንድ ስኩዌር ከወጣ ቁጥሩን ሳታስገቢ ስህተት መኖሩን አውቀሻል። የኃይል ጥበቃ ሕግም ቢሆን ድርብ ምዝገባ ነው፤ ከአንዱ ሒሳብ የወጣ ሌላው ውስጥ መግባት አለበት፣ ካልገባ የተረሳ ሒሳብ አለ፣ አብዛኛውን ጊዜ ሙቀት። ከ12ኛ ክፍል የሚመጡ ልጆች ይህን ልማድ ለማዳበር ሁለት ዓመት ይፈጅባቸዋል።

14 ወሩ ሲያልቅ መድረስሽን የምታውቂበት አንድ ጥያቄ ልስጥሽ። ጣሪያ ላይ ያለው ሮቶ 1,000 ሊትር ይይዛል፤ የውሃው ከፍታ 1.2 ሜትር ነው። ሥሩ ላይ 1 ስኩዌር ሳንቲ ሜትር ቀዳዳ ተከፈተ። ሙሉው እስኪፈስ ስንት ደቂቃ? ግማሹስ? «ሙሉው የሚፈጀው ጊዜ ግማሽ» ብሎ መመለስ የ10ኛ ክፍል መልስ ነው። ውሃው ሲቀንስ የሚወጣበት ፍጥነትም ይቀንሳል፤ ስለዚህ ዲፈረንሺያል ኢኩዌሽን ጽፈሽ ኢንቴግሬት ማድረግ አለብሽ። የላይኛው ግማሽ በ20 ደቂቃ ያልቃል፣ የታችኛው ግን 48 ደቂቃ ከምናምን ይፈጃል። ይህን ያለማንም እርዳታ ከባዶ ወረቀት ተነስተሽ ካገኘሽው፣ ከዚያም በላይ እውነተኛው ሮቶ ከዚህ ለምን እንደሚዘገይ (ውሃው ቀዳዳው ላይ ሲደርስ ይጠብባል፣ ቧንቧም ያሰናክለዋል) መከራከር ከቻልሽ፣ ለመመዝገብ ዝግጁ ነሽ።

ምዝገባው። በአቅራቢያሽ ሁለት ቦታ አለ፦ ድሬዳዋ ዩኒቨርሲቲና ደንገጎን ወጥተሽ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ያለው ሐረማያ። ሁለቱም የፊዚክስ ትምህርት ክፍል አላቸው። ችግሩ መርሐ ግብሩ ነው። የማታና የቅዳሜ እሑድ ትምህርት የሚከፈተው በቂ ተመዝጋቢ ሲኖር ነው፤ አካውንቲንግና ማኔጅመንት ክፍል ይሞላሉ፣ ፊዚክስ አይሞላም። የክረምቱ መርሐ ግብር ደግሞ በዋናነት ለመምህራን የታሰበ ነው። ስለዚህ ማስታወቂያ እስኪወጣ አትጠብቂ፤ የትምህርት ክፍሉን ኃላፊ ሄደሽ አነጋግሪ። በኤክስቴንሽን ለመክፈት ስንት ሰው ያስፈልጋል? ላቦራቶሪው ቅዳሜና እሑድ ይከፈታል? ከመደበኛ ተማሪዎች ጋር አንዳንድ ኮርስ መውሰድ ይፈቀዳል? ሦስተኛው ጥያቄ ብዙ ጊዜ ሳይጠየቅ ይቀራል፣ መፍትሔውም ብዙ ጊዜ እዚያ ነው። የትራንዚት ሥራሽ ፈረቃ ካለው ደግሞ ከአለቃሽ ጋር የምትደራደሪው በሳምንት ስለ ሁለት ጠዋት ብቻ ይሆናል።

ዲግሪው በመደበኛ 4 ዓመት ነው፤ የመጀመሪያው ፍሬሽማን ነው። የመጀመሪያ ዲግሪ ስላለሽ በአድቫንስድ ስታንዲንግ (ቀድሞ የተማርሽውን ኮርስ በማስቆጠር) የእንግሊዝኛ፣ የሎጂክ፣ የኢኮኖሚክስና መሰል የጋራ ኮርሶች እንዲያዙልሽ ጠይቂ። ለዚህ የኮሌጅሽ ዕውቅና ወሳኝ ነው፤ አንቺ የተማርሽበት ዓመትና ፕሮግራም በትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን የታወቀ መሆኑን የሚያሳይ ማስረጃ ቀድመሽ ያዢ። መጨረሻ ላይ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የተጀመረው የመውጫ ፈተና አለ፤ ማለፊያው 50 በመቶ ነው። በቅዳሜ እሑድ የሚማር ሰው እዚህ ላይ የሚሰናከለው የሁለተኛ ዓመት ኮርሶችን በአምስተኛው ዓመት ስለሚረሳቸው ነው፤ የሜካኒክስና የኤሌክትሮማግኔቲዝም ደብተርሽን አትጣዪ።

ዕድሜን በተመለከተ ክፍል ውስጥ ማንም አይጠይቅሽም። አንዳንድ በር ግን ይቆጥራል። ዛሬ 31፤ ዝግጅቱ ሲያልቅ 32፤ በኤክስቴንሽን 5 ዓመት ብትወስጂ 37፤ ማስተርስ ሲጨመር 39። የቻይና መንግሥት ስኮላርሺፕ ለማስተርስ ከ35 ዓመት በታች፣ ለዶክትሬት ከ40 በታች ነው የሚለው፤ የመጀመሪያው ያልፍሻል፣ ሁለተኛው ለጥቂት ነው። የጀርመኑ የስኮላርሺፕ ድርጅት ዳድ (DAAD) ዕድሜሽን ከመቁጠር ይልቅ የመጨረሻ ዲግሪሽ ከተያዘ ስንት ዓመት እንደሆነው ያያል፤ አብዛኛው ጊዜ ከ6 ዓመት መብለጥ የለበትም። የአካውንቲንጉ ዲግሪሽ እዚያ አርጅቷል፤ አዲሱ ግን ሰዓቱን እንደገና ያስጀምርልሻል። የአውሮፓ ኅብረቱ የማስተርስ ስኮላርሺፕ ኢራስመስ ሙንዱስ የዕድሜ ገደብ የለውም። በጣሊያን ትሪየስት ያለው፣ ፓኪስታናዊው የፊዚክስ ሊቅ አብዱስ ሳላም በ1964 እ.ኤ.አ. ያቋቋመው የቲዮሪቲካል ፊዚክስ ማዕከልም ከታዳጊ አገሮች ለሚመጡ የአንድ ዓመት ዲፕሎማ ከሙሉ ወጪ ጋር ይሰጣል፤ ውድድሩ ብርቱ ነው፣ የሚያየውም ውጤትን ነው። በእነዚህ ምክንያት የገንዘብ አቅም ካለሽና ቤተሰብ ከደገፈሽ ከ14 ወሩ በኋላ በመደበኛ ገብተሽ በ36 መጨረስ፣ በኤክስቴንሽን ከመጎተት ይሻላል እላለሁ። አቅሙ ከሌለ ግን ደሞዝ ይዞ መዘግየት ከወር ወር ከመበደር ይበልጣል።

ከዚያስ? መድረሻሽን አሁን ካልመረጥሽ አራቱም ዓመት ይባክናል፤ እያንዳንዱ በር የተለየ ቁልፍ አለው።

ቅርቡ መምህርነት ነው። ዲግሪውና የድኅረ ምረቃ የማስተማር ዲፕሎማው ያስፈልጋሉ። የፊዚክስ መምህር ተፈላጊ ነው፤ ደሞዙ ግን አሁን ከምታገኚው ሊያንስ ይችላል፣ ይህን ከባለቤትሽ ጋር ሳትነጋገሪ አትጀምሪ።

ለአንቺ ዓይነት ሰው እኔ የማደላለት ሜዲካል ፊዚክስ ነው። ሐረር የሚገኘው ሕይወት ፋና ሆስፒታል የካንሰር ሕክምና ማዕከል አለው፤ ካንሰር በጨረር በሚታከምበት ሁሉ ደግሞ የሜዲካል ፊዚክስ ባለሙያ ያስፈልጋል። የጨረር ማሽን በየጠዋቱ በሽተኛ ከመግባቱ በፊት ይፈተሻል፤ የሚያወጣው መጠን ከተመዘገበው ከ3 በመቶ በላይ ከራቀ ሥራ አይጀመርም፣ በየወሩ የሚደረገው ፍተሻ ደግሞ 2 በመቶ ብቻ ነው የሚፈቅደው። ይህ የጠዋት ካሽ ቆጠራ ማለት ነው፤ ልዩነቱ እዚህ የጎደለው ብር አይደለም። ዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲ የሚጠይቀው ሰንሰለት የታወቀ ነው፦ በፊዚክስ ወይም በሚመሳሰል ዘርፍ የመጀመሪያ ዲግሪ፣ የሜዲካል ፊዚክስ ሁለተኛ ዲግሪ፣ ከዚያ ቢያንስ 2 ዓመት በባለሙያ ሥር ሆስፒታል ውስጥ ሥልጠና። ከላይ ያነሳሁት የትሪየስቱ ማዕከል ከከተማው ዩኒቨርሲቲ ጋር የሚሰጠው የ2 ዓመት ማስተርስ ለዚሁ የታሰበ ነው። የሚስተው ቦታ ግልጽ ነው፤ ብዙ ሰው ማስተርሱን ይይዝና የሆስፒታሉን ሁለት ዓመት የሚያሠራው ያጣል። ስለዚህ ሦስተኛ ዓመት ላይ ሳለሽ የጨረር ክፍሉን ባለሙያዎች ቀርበሽ የመመረቂያ ጥናትሽን እዚያ ለመሥራት ጠይቂ።

የሥነ ልክ ሥራ፣ ማለትም የሚዛንና የመለኪያ ካሊብሬሽን፣ ሌላው ሰው የማያስተውለው በር ነው፤ የሲሚንቶ ፋብሪካ ጥራት ክፍልም ናሙናውን በኤክስሬይ የሚመረምር መሣሪያ የሚያነብለት ሰው ይፈልጋል። ኦዲት የለመደ ሰው ሁለቱም ቦታ ቶሎ ይለምዳል። ሚቲዎሮሎጂም አለ። ምርምርና ዩኒቨርሲቲ ማስተማር ከሁሉ ረጅሙ ነው፤ ዶክትሬት ሲጨመር 43 ዓመትሽ ይሆናል። ይቻላል፣ ግን እሱን ብቻ ዓላማ አድርገሽ አትነሺ። ሕዋና ኮከብ ከሆነ ልብሽ፣ እንጦጦ ላይ ሁለት ባለ 1 ሜትር ቴሌስኮፖች አሉ፤ በእነሱ የሚሠራ ሰው ቀኑን የሚያሳልፈው ግን ኮምፒውተር ላይ ዳታ እያጠራ ነው። ስለዚህ የትኛውንም በር ብትመርጪ ፓይተን የተባለውን የኮምፒውተር ፕሮግራም ቋንቋ ከአሁኑ ጀምሪ፤ የፔንዱለሙን አምስት ልኬቶች አማካይና ስህተት የሚያሰላ አሥር መስመር ኮድ ጥሩ መነሻ ነው፣ ኤክሴል የምትችል ሰው በሁለት ሳምንት ትደርስበታለች።

ወደ ሬጅስትራር ስትሄጂ የ12ኛ ክፍል ሰርተፍኬት ኦሪጅናሉንና ሁለት ኮፒ፣ የዲግሪሽን ኮፒ፣ ከቀድሞ ኮሌጅሽ በታሸገ ፖስታ በቀጥታ የሚላክ ኦፊሻል ትራንስክሪፕት ያስፈልግሻል። የመጨረሻው ነው የሚዘገየው፤ በተለይ ኮሌጁ ስሙን ወይም ባለቤቱን ቀይሮ ከሆነ። እሱን አሁኑኑ፣ ፔንዱለሙ ገና ሳይሰቀል ጠይቂ።